«200 ሺህ ዶላር» ሲሉኝ ስንት ነው ያሉኝ?

አሌክሳንድሪያዋ (ሐሙስ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት አንባቢ እንጂ ጸሐፊ ሆኜ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ መጣሁ።

ሰባት ዓመት ሶፍትዌር ሠርቻለሁ። አሁን ያለሁት የመንግሥት ኮንትራት የሚሠራ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ደመወዜ 138 ሺህ። ከረጅም ቃለ መጠይቅ በኋላ የአማዞን አርሊንግተን ቢሮ ኦፈር ላከልኝ። ሠራተኛ የምትመለምለው ሪከሩተር በስልክ «በዓመት 200 ሺህ አካባቢ» አለችኝ። ለእናቴ ልደውል ስልኬን አንስቼ፣ እስቲ መጀመሪያ ወረቀቱን ልየው ብዬ ከፈትኩት። 200 የሚል ቁጥር የለበትም።

ያለው እንዲህ ነው። ቤዝ (መደበኛው ደመወዝ) 155,000። የመግቢያ ቦነስ ለአንደኛው ዓመት 40,000፣ ለሁለተኛው 30,000። ከዚያ በዛሬ ዋጋ 120,000 የሚያወጣ አክሲዮን፣ ለአራት ዓመት። ከሥሩ «5፣ 15፣ 40፣ 40» ተጽፏል። የሎተሪ ቁጥር ነው የመሰለኝ።

ሰው ልጠይቅ ብል፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት ልጆች እዚያው ኩባንያ ይሠራሉ። ስለ ደመወዝ ሳነሳባቸው አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወሬ ቀየረ። ሌላኛው ቡና ሊቀዳ ተነሳ።

እና ይሄ ቁጥር ምንድን ነው? ስለ ሥራ ባህሉ የሚወራውስ?

አወያይ (ሐሙስ ማታ)

ክሩ ከመሞቁ በፊት አንድ ነገር። በይፋ የሚታወቀውን በኩባንያ ስም መጻፍ ይቻላል። በራሳችሁ ላይ የደረሰ ቅሬታ ከሆነ ግን የኩባንያውንም የአለቃችሁንም ስም ተዉት። ብዙዎቻችሁ ስትወጡ ወረቀት ፈርማችኋል።

ባለ ስሌቱ (ሐሙስ ማታ)

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ሪከሩተሯ አልዋሸችሽም። ቁጥሩን ከሦስት ኪስ ለቃቅማ ነው የነገረችሽ።

አክሲዮኑ ለአራት ዓመት እኩል አይከፋፈልም። አንደኛው ዓመት ላይ 5 በመቶው ነው የሚለቀቅልሽ፤ 6 ሺህ ዶላር። ሁለተኛው ላይ 15 በመቶ፤ 18 ሺህ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ 40፣ 40፤ 48 ሺህ፣ 48 ሺህ። ብዙ ኩባንያ በየዓመቱ ሩብ ሩቡን ይሰጣል። አማዞን ግን ሸክሙን ወደ ኋላ ነው የጫነው። ቦነሱ የመጣው የፊቱን ቀዳዳ ሊደፍን ነው። ደምሪው፦

አንደኛ ዓመት፦ 155 + 40 + 6 = 201 ሺህ
ሁለተኛ ዓመት፦ 155 + 30 + 18 = 203 ሺህ
ሦስተኛና አራተኛ ዓመት፦ 155 + 48 = 203 ሺህ

ሲያዩት ሜዳ ነው። ግን የመጀመሪያው ሁለት ዓመት አብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ኋላ ያለው ጭማሪ በሙሉ አክሲዮን። 2022 ላይ የአማዞን አክሲዮን በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። እንደዚያ ያለ ዓመት ቢገጥምሽ ሦስተኛው ዓመትሽ 203 መሆኑ ቀርቶ 179 ነው። ተገላብጦም ይመጣል። 2023 መጀመሪያ ላይ የፈረሙትን ዛሬ ሲስቁ ነው የማገኛቸው።

ሌላው ግብር ነው። አክሲዮኑ በእጅሽ የገባ ቀን እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። የፌዴራል ግብሩ ግን ብዙ ጊዜ 22 በመቶ ብቻ ነው የሚቆረጠው። አንቺ 24 በመቶው የግብር እርከን ላይ ከሆንሽ ልዩነቱ ትንሽ ነው። 32 ላይ ከደረስሽ ከ48 ሺሁ ላይ 4,800 ዶላር ለኤፕሪል 15፣ ለዓመቱ ግብር መክፈያ ቀን፣ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ያንን ገንዘብ መኪና ገዝቼበት ነበር። ኤፕሪል ላይ ከወንድሜ ተበደርኩ።

ቦነሱንም አስተውዪ። ዓመት ሳይሞላሽ ብትወጪ ምን ያህሉን እንደምትመልሺ ወረቀቱ ውስጥ አለ፤ ፈልጊው።

ጡረታም አለ። አማዞን እስከ ደመወዝሽ 4 በመቶ ድረስ ላስገባሽው ግማሹን ይጨምርልሻል። ከ155 ሺህ ላይ ቢበዛ 3,100 ዶላር ነው፤ ያውም ሦስት ዓመት ካልቆየሽ ያንቺ አይሆንም። ማይክሮሶፍት በ401ኬ (በጡረታ ቁጠባው) ጣሪያ ልክ ላስገባ ሰው ግማሹን ነው የሚጨምረው። በ2025 ጣሪያ በ23,500 ሲሰላ 11,750 ይመጣል። ይህን ማንም በስልክ አይነግርሽም።

አሌክሳንድሪያዋ (ሐሙስ ማታ)

6 ሺህ?! እኔ እኮ 30 ሺህ በየዓመቱ ብዬ የእናቴን የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ ጨርሼ ነበር፤ በልቤ።

የሲያትል ዝናብ (ዓርብ ጠዋት)

እኔ እዚያው ነኝ፤ አምስተኛ ዓመቴ። ቅሬታ ስለሌለኝ ስሙን ብጠራ አወያያችን አይቆጡም።

ምቾት ፈልገሽ ከሆነ ቤት ተሳስተሻል። ምሳ በነጻ የሚያበላው ጉግል ነው። እኛ ጋ ምሳ በኪስሽ ነው። ሲያትል ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ለሠራተኛውም ለአላፊ አግዳሚውም የሚታደል ሙዝ አለ። ውሻሽን ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። በቃ። ቤዞስ ኩባንያውን ሲጀምር ጠረጴዛ የሠራው ከበር ሳንቃ ነው፤ ያ ጠረጴዛ ዛሬም እንደ ታቦት ይከበራል። ቁጠባ ከ16ቱ የአመራር መርሆች አንዱ ነው። መርሆቹን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ አድርገሽ እንዳታይ። ቃለ መጠይቁም፣ ግምገማውም፣ ሻይ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅም በእነሱ ቋንቋ ነው።

ስብሰባው ነው የሚገርመው። ፓወር ፖይንት ከ2004 ጀምሮ በከፍተኛ አመራሩ ስብሰባ ቀርቷል። ስድስት ገጽ ጽሑፍ ይታደልና ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ያንን ጸጥታ ሳይ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው የተሠራው። እኔ ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛዬን በአፌ አዘጋጅቼ እስክጨርስ ሌላው ተናግሮ ይጨርሳል። በጽሑፍ ሲሆን ግን አክሰንት የለም። ሌሊት ቁጭ ብዬ አስተካክዬ እመጣለሁ። ደረጃ ያደገልኝ በአንድ ስድስት ገጽ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የከበደኝ ሌላው መርህ ነው። ካልተስማማህ ፊት ለፊት ተናገር፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ሙሉ ልብህን ስጥ ይላል። ሁለተኛው ግማሽ ለሐበሻ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ግን! አለቃህ፣ በዕድሜም የሚበልጥህ ሰው፣ አሥር ሰው ፊት «ተሳስተሃል» ልትለው? ይሉኝታችንን በር ላይ አስቀምጠሽ መግባት አለብሽ። ማታ ስትወጪ ትወስጂዋለሽ።

ከቤት መሥራት እንዳታስቢ። ሜይ 2023 ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ ተባለ፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አምስቱንም ቀን ነው። ስለ ኦንኮል (ሲስተም ሲበላሽ በተራ ስለሚጠራው ሰው) ደግሞ ቡድኑን ጠይቂ። ሳምንቱ ሲደርስሽ ሌሊት 9 ሰዓት ስልክሽ ሊጮህ ይችላል። ገና በእኛ ሲከበር ጃንዋሪ 7 ነው፤ የዚያን ሳምንት ተራሽን አስቀድመሽ ቀይሪ። እኔ የዓመቱን ሰሌዳ ሲያወጡ ከፋሲካ ጋር አስተያይቼ ነው የምፈርመው።

አራት ኪሎ (ዓርብ ጠዋት)

አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማነበው። «አምስት ቀን ቢሮ» ብለው ሰልፍ የወጡ ሰዎች አሉ እንዴ? እኛ ታክሲ ሰልፍ ነው የምንወጣው።

የሲያትል ዝናብ (ዓርብ ጠዋት)

አዎ ወጥተዋል፤ ሜይ 31 ቀን 2023። ያኔ ግን የሦስቱ ቀን ነበር። አምስቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረቁ (ዓርብ ቀን)

200 ሺህ እየተሰጣቸው የሚያለቅሱ ሰዎች ክር። ውሰጂውና ዝም በይ። እዚሁ አገር በሰዓት ሃያ ዶላር የሚሠራ ስንት ወገን አለ።

ማታ ፈረቃ (ዓርብ ሌሊት)

ወንድሜ ደረቁ፣ በሰዓት የምሠራው እኔ ነኝ፤ እኔን ምክንያት አድርገህ እሷን ዝም አታሰኛት። ሂሳቧን ብታውቅ ከእኔ ኪስ አይወጣም።

እኔም የዚያው ኩባንያ ሰው ነኝ፤ በሌላኛው በር የምገባ። በዲቪ መጥቼ መጋዘን ገባሁ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገብቼ ንጋት ላይ እወጣለሁ። ስለ እኛ በኩል ማንም ስላልጻፈ ልጻፍ።

ኖቬምበር 2018 ላይ አማዞን አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛውን ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር አደረገ። ያኔ በየዜናው ተጨበጨበ። በዚያው ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛ የሚያገኘው አክሲዮንና ወርሃዊ ቦነስ ቀረ። ይሄኛው ዜና ያን ያህል አልተጨበጨበለትም። ቀድመው የገቡ ሰዎች ዛሬም ምሳ ሰዓት ላይ ያቺን አክሲዮን ያነሷታል። ያን ጊዜ ሳይሸጡ ያቆዩ ሰዎች አሉ፤ አንዷ እናት የቤት ቅድሚያ ክፍያ ከፍላበታለች። እኛ በኋላ የገባነው ሰምተን ዝም።

ደህናው ነገር፣ ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው የጤና ኢንሹራንሱ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። የትምህርት ክፍያም አለ፤ ከ2012 ጀምሮ ነው። ክፍያውን ለትምህርት ቤቱ ቀድመው ይከፍላሉ፣ አንተ ከኪስህ አውጥተህ ደረሰኝ ይዘህ አትሮጥም። እኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምማረው በዚሁ ነው። ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለኝ አስተማሪዋ ለምዳዋለች።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት መጋዘን (ስሙ ይቅር) ሽንት ቤት ስንሄድ ሰዓቱ ይቆጠር ነበር። ከሕንፃው ጫፍ እስከ ጫፍ አራት ደቂቃ ነው፤ እንግዲህ አስሉት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ውሃ መጠጣት አቆምኩ። ኩላሊቴን አሞኝ ሐኪም ሲጠይቀኝ ምክንያቱን መናገር አሳፈረኝ።

እህቴ፣ ቢሮ ስትገቢ አንድ ነገር ልለምንሽ። ፕሮግራም ስትጽፊ ያቺ ማሽን «ፈጠን በል» የምትለው ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ።

ደረቁ (ቅዳሜ ጠዋት)

እሺ። ተቀብያለሁ። ኩላሊትህ እንዴት ነው አሁን?

ማታ ፈረቃ (ቅዳሜ ማታ)

ደህና ነኝ። ሦስት ሊትር እየጠጣሁ ነው።

የድሮ ሰው (ቅዳሜ ቀን)

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ። ያሳለፍኩባቸውን ቤቶች አልጠራም።

አንዱ ጋ በየዓመቱ ሠራተኛው በደረጃ ይደረደር ነበር። ቡድኑ ውስጥ ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳን አንድ ሰው ታች መቀመጥ አለበት። አሥር ዓመት አብሬው የበላሁት ሰው ሰነድ ደበቀብኝ። እኔም አንድ ጊዜ ደብቄያለሁ፤ አልዋሽም። ይህ አሠራር በጄኔራል ኤሌክትሪክ በጃክ ዌልች ዘመን ስሙ የገነነ ነው። ማይክሮሶፍት ኖቬምበር 2013 ላይ በይፋ ተወው። ሌላው ቤት ስሙን ቀይሮ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ምዘናው እንዴት እንደሚካሄድ አለቃ የሚሆንሽን ሰው ጠይቂ። ሪከሩተሯን ሳይሆን እሱን።

ሁለተኛው ነገር፣ በዓመቱ መጨረሻ ስለ ራስሽ ትጽፊያለሽ። እኛ «ሥራህ ያውጣህ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። የመጀመሪያዬን ግምገማ በሦስት መስመር ጽፌ ሰጠሁ። የጠረጴዛ ጎረቤቴ፣ ግማሹን ሥራዬን እኔ ያረምኩለት ልጅ፣ አራት ገጽ ጻፈ። እሱ አደገ። ሚስቴ ስትሰማ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ የሠራሁትን በአማርኛ ማስታወሻ ላይ እጽፍ ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ መገልበጥ ብቻ ነው። በአማርኛ ስጽፈው ያልፎከርኩ ይመስለኛል መሰለኝ።

አሌክሳንድሪያዋ (ቅዳሜ ቀን)

ጋሼ፣ የዓርቧን ማስታወሻ ዛሬውኑ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ቢሆንም።

ባጁ እምቢ አለ (ቅዳሜ ማታ)

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ መግባት ነው። እኔ ስለ መውጣት ልናገር።

ጠዋት ቡናዬን ይዤ በሩ ላይ ባጄን ነካሁ። ቀይ። እንደገና ነካሁ። ቀይ። ጥበቃው የሚያውቀኝ ሰው ነው፣ ኤርትራዊ፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ያኔ ገባኝ። ኢሜይሉ ከሌሊቱ ደርሶ ነበር፤ በግል አድራሻዬ። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። ስሙ ይቆይ።

እኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጉግል ጃንዋሪ 2023 ላይ 12 ሺህ ሰው ቀነሰ። አማዞን ከ2022 መጨረሻ እስከ 2023 ድረስ 27 ሺህ፣ ኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ 14 ሺህ ያህል የቢሮ ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ያ የ40 በመቶ ዓመት ሊደርስላቸው ወራት የቀራቸው እንደማይጠፉ አስቡት። ያልተለቀቀ አክሲዮን ሲባረሩ አብሮ ይቀራል። ከእህቴ 120 ሺህ ላይ ሁለት ዓመት ሞልቷት ብትወጣ በእጇ የገባው 24 ሺህ ብቻ ነው።

ኤች ዋን ቢ (በአሠሪ በኩል የሚገኝ የሥራ ቪዛ) ላይ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሥራው ካለቀ ቢበዛ 60 ቀን ነው ያላችሁ። እኔ በ52ኛው ቀን ሥራ አገኘሁ። ከዚያ በፊት ባለቤቴ ሻንጣ እየመዘነች ነበር።

አሌክሳንድሪያዋ (ቅዳሜ ማታ)

ዜግነት አለኝ፤ ተመስገን። ግን ያ 24 ሺህ ሌሊቱን አያስተኛኝም።

ወሬ የቀየርኩት (እሑድ ከሰዓት)

ይሄን ስም ዛሬ ነው ያወጣሁት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ያልኩሽ እኔ ነኝ መሰለኝ። ቡና የቀዳው ጓደኛዬ ነው።

ንቄሽ አይደለም። የእኔን ደመወዝ እዚህ አንድ ሰው ከሰማ በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ስልኩ አያርፍም። ሰው የሚሰማው 200 የሚለውን ነው፤ ግብሩን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጅ መዋያውን አይሰማም። አጎቴ አንድ ጊዜ ሚኒባስ እንድገዛለት ጠይቆኛል። ጋራዡን አይቶ መርጦ ጨርሶ።

ግን ዝምታዬ እኔንም አክስሮኛል። አሁን ካለሁበት በፊት በነበርኩበት ቤት የመጀመሪያውን ቁጥር ሳልከራከር ፈረምኩ። ቅር እንዳይላቸው ብዬ! ሁለት ዓመት ቆይቶ አብሮኝ የገባ ልጅ፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ደረጃ፣ ቢራ ላይ የእሱን ነገረኝ። በዓመት 22 ሺህ ይበልጠኛል። ምን አደረግህ ብለው «ጠየቅኋቸው» አለኝ። ይኸው ነው።

ቁጥሬን በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። ያንቺ ቤዝ ጥሩ ነው። ያነሰብሽ ቦነሱና አክሲዮኑ ነው።

ባለ ስሌቱ (እሑድ ከሰዓት)

ደግ አድርገሃል። አለቃ እስካልሆንክ ድረስ ስለ ደመወዝ ከባልደረባህ ጋር ማውራት በአሜሪካ ሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ከ1935 ጀምሮ። «ክልክል ነው» የሚል አለቃ ካለ ሕጉን አያውቅም፣ ወይም አንተ እንድታውቅ አይፈልግም።

እህቴ፣ አንድ ብልሃት። ዋሽንግተን ስቴት ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የደመወዝ መጠን እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ሜሪላንድና ዲሲም ከ2024 ወዲህ። የአንቺ ዓይነት መደብ ሲያትል ላይ ሲወጣ ከየት እስከ የት እንደሆነ እዪው። ሲያትል የስቴት የደመወዝ ግብር የለም፣ ቨርጂንያ አለ፤ ስታወዳድሪ አስቢበት።

የቆየ የኢንተርኔት ወሬም አትመኚ። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ የአማዞን ቤዝ ከ160 ሺህ አያልፍም ነበር። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ጣሪያውን 350 ሺህ አደረጉት። «ከ160 በላይ አይሰጡም» የሚልሽ ሰው የድሮ ወሬ ነው የያዘው።

አሌክሳንድሪያዋ (ሰኞ ማታ)

ደወልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ያዘጋጀሁትን ወረቀት ላይ ጽፌ ነው ያነበብኩት። የሲያትል ዝናብ እንዳለው፣ በጽሑፍ አክሰንት የለም፤ በስልክ ስታነቢው ግን አለ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ያለው ቦነስ ከፍ እንዲልልኝና አክሲዮኑ እንዲጨመር ጠየቅኩ። ሪከሩተሯ ምንም አልደነገጠችም። «እስከ ረቡዕ እነግርሻለሁ» አለች። አለቃዬ የሚሆነውንም ሰው አገናኘችኝ። ስለ ኦንኮል ጠየቅኩት፤ በስድስት ሳምንት አንዴ ይደርስሻል አለኝ። ስለ ምዘናው ስጠይቀው ግን ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ስለ መርሆቹ አወራልኝ። እሱን ረቡዕ ድረስ አስብበታለሁ።

ለእናቴም ደወልኩ። ስለ 5፣ 15፣ 40 ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነም። «ለመሆኑ ምሳ ያበላሉ?» አለችኝ። አይ፣ ሲያትል ውስጥ ግን ሙዝ ያድላሉ አልኳት።

«ለሙዝ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?»